ባለቤት የሌለው ዐዋጅ ፍሬ አያፈራም

ልዩ ልዩ መንግሥታት ስለ አየር ጠባይ መለወጥ ያወጡትን ደንብ በሥራ ላይ ስላዋሉበት መንገድ

የምድር ፍሬ ከሰማይ ዝናምና ከሰው ድካም እንደሚገኝ ማንም አይስተውም። ዝናሙ በወራቱ ሲመጣና በወራቱ ሲያቆም ገበሬው የሚያርስበትንና የሚዘራበትን ቀን ከአባቱ በተማረው ልማድ ያውቀዋል፤ መንግሥትም ግብሩን፣ ነጋዴውም ትርፉን፣ ከተማውም ቀለቡን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ዛሬ ግን ይህ የቆየ ልማድ እንደ ቀድሞው የሚታመን አልሆነም። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከሚቃጠለው ደን የሚወጣው የካርቦን ጋዝ በሰማይ እየተጠራቀመ የምድርን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ስለሚይዘው፣ የዓለም ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው ልክ ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። ስለዚህም በአንዱ አገር ድርቁ ይበረታል፤ በሌላው ጎርፉ ያይላል፤ በባሕር ዳር የሚኖሩትንም የባሕሩ ከፍ ማለት ያሠጋቸዋል።

ይህን ችግር ለመመከት መንግሥታት ያሰቡት ሥራ ሁለት ዐይነት ነው። ፊተኛው ጋዙን የሚያበዛውን ሥራ መቀነስና የወጣውንም በዛፍና በአፈር መልሶ መሰብሰብ ሲሆን ማቃለል ይባላል። ሁለተኛው ከእንግዲህ ሊቀር የማይችለውን ድርቅና ጎርፍ ይችሉት ዘንድ አገርንና ሰውን ማዘጋጀት ሲሆን መላመድ ይባላል። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ስለዚህ ነገር የመጀመሪያው ታላቅ ውል ለፊርማ ቀረበ፤ በ2015 ደግሞ በፓሪስ ከተማ በተደረገው ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ዕቅድ ጽፎ እንዲያቀርብና በየ5 ዓመቱም እንዲያድሰው ተወሰነ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የሚነገረው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ዛሬ ዕቅድ ያልጻፈ መንግሥት የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተጻፈው ሁሉ በምድር ላይ አልታየም። አንዳንዱ አገር ገንዘቡ ብዙ ሆኖ ሥራው ጥቂት ነው፤ አንዳንዱም ገንዘቡ ጥቂት ሆኖ ሥራው ለዓለም ምሳሌ ሆኗል። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ መርምሮ ማወቅ የሚጠቅመው በዋና ከተማ ተቀምጦ ሕግ ለሚጽፈው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሕጉን ተቀብሎ በወረዳው ለሚፈጽመው ሹምና መሬት በእጁ ላለው ሰው ነው። የታሰበው ሁሉ የሚፈጸመው ወይም የሚበላሸው በእነርሱ እጅ ነውና። ካልተፈጸመ ግን ዕቅዱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ይሆናል።

የልዩ ልዩ አገሮችን ሥራ መርምሮ ያየ ሰው የሚያገኘው ነገር ይህ ነው፤ ደንቡ የተፈጸመው ሦስት ባለቤቶች በተገኙለት ስፍራ ነው። ይኸውም የሥራው ባለቤት፣ የጥቅሙ ባለቤትና የቍጥሩ ባለቤት ነው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለበት ሥራ ለጊዜው ደምቆ ቢታይም ውሎ አድሮ ይፈርሳል።

የሥራው ባለቤት

የሆላንድ አገር ከምድሯ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ውኃን መጠበቅ የተማሩት ዛሬ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ባለመሬቱና ገበሬው ግድቡንና ቦዩን በጋራ የሚጠብቁባቸው የውኃ ሸንጎዎች ነበሯቸው፤ እነዚህም ሸንጎዎች ዛሬ 21 ሆነው ይሠራሉ። ከሸንጎዎቹ አባሎች የሚበዙትን ሕዝቡ ይመርጣቸዋል፤ ሸንጎዎቹም የራሳቸውን ግብር ይጥላሉ፤ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለውኃው ሥራ ይውላል። በአንድ ቀበሌ ግድብ ቢሰነጠቅ የሚጠየቀው ማን እንደ ሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

የሆነ ሆኖ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ በ1953 የካቲት መባቻ ሌሊት ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ገብቶ በዚያ አገር ብቻ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ በባሕሩ በኩል ታላላቅ ግድቦችን አሠራ። በ1993ና በ1995 ደግሞ ችግሩ በወንዞቹ በኩል መጣ፤ በ1995 ወደ 250,000 የሚሆን ሕዝብ ቤቱን ትቶ እንዲሸሽ ተደረገ። በዚህ ጊዜ የአገሩ ሊቃውንት አሳባቸውን ለወጡ። ግድቡን ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ማድረግ ብቻውን እንደማይበቃ አይተው ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ስፍራ እንዲሰጠው ፈረዱ። በ2006 በተወሰነው ዕቅድ መሠረት ከ30 በሚበልጡ ስፍራዎች ግድቡን ወደ ኋላ በመሳብ፣ ዝቅ በማድረግና የወንዙን አልጋ በማስፋት 2.3 ቢሊዮን ኤውሮ ያህል የፈጀ ሥራ ተሠራ።

ለወንዝ ስፍራ መስጠት ማለት ግን ከሰው መሬት መውሰድ ማለት ነው። በዚህ ላይ ኦፈርዲፕ በሚባለው የእርሻ ስፍራ የሆነው ነገር ሹማምንት ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው። መንግሥት መሬቱን ለጎርፍ ማሳደሪያ እንደሚፈልገው በሰሙ ጊዜ የስፍራው ገበሬዎች በጩኸት ብቻ አልቀሩም፤ እርሻቸውን ሳይለቁ ከወንዙ ጋራ አብረው የሚኖሩበትን አሳብ ራሳቸው አቀረቡ። አሳቡም በግድቡ ጥግ ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ እየሠሩ ቤቱንና የከብቱን በረት በላዩ መሥራት፣ ዝቅተኛውን መስክ ግን ወንዙ ሲሞላ ለውኃው መልቀቅ ነው። ሹማምንቱም አሳቡን ተቀበሉት፤ ስምንት ጉብታዎች ተሠሩ፤ መሬቱን ለመልቀቅ የፈለገው ካሣውን ተቀብሎ ሄደ፤ ሥራውም በ2015 ተፈጸመ። ሹሙ ባለመሬቱን እንደ ዕንቅፋት ሳይሆን እንደ አማካሪ ስለ ቈጠረው ለብዙ ዓመት በክርክር ሊቈይ የሚችለው ነገር በስምምነት አለቀ።

ከዚህም በቀር በ2012 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ለዚህ ጉዳይ የተለየ ባለሥልጣን ተሹሟል፤ የተለየ የገንዘብ ሣጥንም ቆሟል። ባለሥልጣኑ ስለ ተሠራውና ስለሚሠራው በየዓመቱ ለምክር ቤት የሚቀርብ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ሚኒስትር ቢለወጥም ሥራው አይለወጥም፤ የአንዱ ዓመት በጀት ቢጠብም ገንዘቡ ወደ ሌላ ጉዳይ በቀላሉ አይዛወርም። የሥራ ባለቤት ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ስሙ የታወቀ ሰው፣ ልኩ የታወቀ ገንዘብ፣ ቀኑ የታወቀ ጥያቄ።

የጥቅሙ ባለቤት

ይህን የሰማ ሰው «ሆላንድ ባለጠጋ አገር ናት፤ ድሃ አገር ከእርሷ ምን ይማራል?» ይል ይሆናል። ስለዚህ ከዓለም ድሆች አገሮች አንዷ የሆነችውን ኒጀርን ማየት ይገባል።

በኒጀር ደቡብ በማራዲ አውራጃ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ምድሩ ተራቍቶ ነበር። ነፋሱ አሸዋውን እያነሣ ቡቃያውን ስለሚቀብረው ገበሬው በአንድ ክረምት ደጋግሞ ይዘራ ነበር። ለድርቁ መከላከያ ተብሎ ብዙ ችግኝ ተተከለ፤ ነገር ግን የሚበዛው ደረቀ። ቶኒ ሪናውዶ የሚባለው የአውስትራሊያ ተወላጅ የእርሻ ሊቅ በዚያ ስፍራ ሲሠራ በ1983 አንድ ነገር አስተዋለ። በየእርሻው ውስጥ እንደ ቍጥቋጦ የሚታየው ነገር ከዚህ በፊት የተቈረጠ ዛፍ ጉቶ የሚያወጣው ለጋ ነበረ፤ ሥሩም በምድር ውስጥ ገና ሕያው ነበረ። እንግዲህ ችግኝ ከሩቅ ማምጣት ሳያስፈልግ፣ ከለጋዎቹ የተሻሉትን መርጦ ሌላውን መግረዝና ከከብትና ከምሳር መጠበቅ ይበቃ ነበር።

ነገር ግን ዘዴው ብቻውን አልበቃም። ከፈረንሳይ የቅኝ አገዛዝ ዘመን የቀረው ሕግ ዛፉን ሁሉ የመንግሥት ገንዘብ ያደርገው ነበር። ገበሬው በእርሻው ያለውን ዛፍ ቢቈርጥ የደን ጠባቂው ይቀጣዋል፤ ስለዚህ ገበሬው ዛፉን የሚያየው እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ዕዳ ነበር። ቅጣት የሚያመጣበትን ነገር ገና ለጋ ሳለ ነቅሎ ይጥለዋል። ደንን ለማዳን የወጣው ሕግ ደንን የሚያጠፋ ሆነ ማለት ነው። ከ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ ግን የአውራጃው የደን ሹማምንት ቅጣቱን አላሉት፤ ገበሬውም ጠብቆ ያሳደገውን ዛፍ ቅርንጫፉን እየገረዘ ለማገዶ፣ ለአጥርና ለሽያጭ ሊያደርገው እንደሚችል በሥራ አየ። አንዱ ሲያደርግ ጎረቤቱ እያየ ነገሩ ከመንደር ወደ መንደር ተላለፈ። ከጊዜ በኋላም ሕጉ ራሱ ሥራውን ተከተለ፤ በ2004 አዲስ የደን ሕግ ወጣ፤ በ2020ም ገበሬው በእርሻው ስለሚያሳድገው ዛፍ የተለየ ደንብ ተጻፈ።

ፍሬውን ከሰማይ ላይ በተነሡ ፎቶግራፎች የመረመሩ ሊቃውንት በደቡብ ኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር በሚሆን ምድር ላይ 200 ሚሊዮን የሚያህል ዛፍ እንደ ተመለሰ ገምተዋል። ከእነዚህም ዛፎች አንዱ በዚያ አገር ጋኦ፣ በትግራይ ሞሞና የሚባለው ነው፤ እርሱም በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ሰብሉን ከጥላ የሚያድን፣ በበጋም ለምልሞ ከብቱን የሚመግብ ነው። በእርግጥ ኒጀር በዚህ ምክንያት ከድኽነት አልወጣችም፤ ድርቅም አልቀረላትም። ነገር ግን ድርቅ በመጣ ጊዜ ዛፍ ያለው ገበሬ የሚሸጠው እንጨትና ለከብቱ የሚሰጠው ቅጠል አለው፤ ዛፍ የሌለው ግን ይሰደዳል። በዚህ ሥራ ማቃለልና መላመድ የተባሉት ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጉቶ ላይ ተገናኙ።

በሌላው የዓለም ክፍል፣ በመካከለኛው አሜሪካ ያለችው ኮስታ ሪካ ይህንኑ አሳብ በሌላ መንገድ ፈጽማዋለች። በዚያ አገር ደኑ ለከብት መሰማሪያ እየተባለ ተመንጥሮ በ1980ዎቹ ዓመታት ከአገሩ ምድር በደን የተሸፈነው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። በ1996 የወጣው የደን ሕግ ሁለት ነገር አንድ ላይ አደረገ። በአንድ በኩል የተፈጥሮ ደንን መንጥሮ ለሌላ ሥራ ማዋልን ከለከለ፤ በሌላ በኩል ደኑን የሚጠብቅ ባለመሬት ስለ ጥበቃው ዋጋ እንዲከፈለው ፈቀደ። ክፍያው በ1997 ተጀመረ፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰበው ቀረጥ የተመደበ ነው፤ የድርሻውም ልክ ከቀረጡ 3.5 በመቶ ሆኖ በሕግ ተወስኗል። ባለመሬቱ ውል ይፈርማል፤ መርማሪ መጥቶ ደኑን ያያል፤ ደኑ ቢመነጠር ክፍያው ይቋረጣል። ይህ ሁሉ ሲታይ፣ አውቶሞቢል የሚነዳው የከተማ ሰው ውኃውንና አየሩን ለሚጠብቅለት የተራራ ሰው ዋጋ ይከፍለዋል ማለት ነው። ዛሬ ከአገሩ ምድር ከግማሽ የሚበልጠው ደን ነው።

ለእውነት ሲባል ሁለት ነገር መጨመር ይገባል። አንደኛ፣ ደኑ የተመለሰው በክፍያው ብቻ አይደለም፤ የሥጋ ዋጋ ወድቆ ብዙ የከብት መሰማሪያ በመተዉ ደኑ ከሕጉ በፊት መመለስ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛ፣ ውል ለመዋዋል የርስት ማስረጃ ያስፈልግ ስለ ነበር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከክፍያው የተጠቀሙት ይበልጡን ሰፊ መሬት ያላቸው ናቸው ተብሎ ሥራው ተነቅፏል፤ ኋላም ለትንንሽ ባለመሬቶችና ለአገሩ ነባር ነገዶች ቅድሚያ የሚሰጥ ደንብ ተጨመረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥቅም ሲከፋፈል ጽሑፍ ያለው ይቀድማል፤ ስለዚህ ሹሙ ጽሑፍ የሌለውን ድሃ አስቀድሞ ካላሰበው ድሃው የሚደርስበት ክልከላው ብቻ ነው።

የቍጥሩ ባለቤት

ሦስተኛው ነገር ሥራው መሠራቱን ማን ይመሰክራል የሚለው ነው። እንግሊዝ በ2008 ባወጣችው የአየር ጠባይ ሕግ በየ5 ዓመቱ ከአገሩ ሊወጣ የሚችለው የጋዝ ልክ አስቀድሞ በምክር ቤት እንዲወሰን አደረገች። ይህን ልክ የሚመክርና አፈጻጸሙን የሚመረምር፣ ከሚኒስትሮች ትእዛዝ ነፃ የሆነ የሊቃውንት ጉባኤ አቆመች። ጉባኤው በየዓመቱ ምርመራውን ለምክር ቤት ያቀርባል፤ መንግሥቱም መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። በ1882 በሎንዶን ከተማ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ በጀመረባት በዚያች አገር፣ በ2012 እንኳ ከኤሌክትሪኩ 40 በመቶ ያህል ከድንጋይ ከሰል ይገኝ ነበር፤ በ2024 መስከረም 30 ቀን ግን የመጨረሻው የከሰል ጣቢያ ተዘጋ።

ይህም ሆኖ ያው ጉባኤ መንግሥቱ ሕዝቡን ለሙቀትና ለጎርፍ በማዘጋጀት ረገድ እጅግ ወደ ኋላ እንደ ቀረ ደጋግሞ ወቅሷል። የዚህ ሥርዐት ጥቅሙም ይህ ነው። ቈጣሪው ከሠሪው የተለየ ስለ ሆነ ያማረውን አመስግኖ የጐደለውን ይነቅፋል። ሠሪው ራሱ ቢቈጥር ግን ጐደሎ የሚባል ነገር በመዝገብ ላይ አይገኝም።

በኢትዮጵያ የታየው

እነዚህን ሦስት ነገሮች በኢትዮጵያ ምድር የሆነው ነገር ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጀምሮ ለሥራ ቀለብ እየተሰጠ በብዙ አውራጃ እርከን ተሠራ፤ ተራራውም በዛፍ ተሸፈነ። ሥራው ታላቅ፣ ድካሙም የእውነት ነበር። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ ሕዝቡ ራሱ የተከለውን ዛፍ ቈረጠው፤ የሠራውንም እርከን አፈረሰው። ይህን ያደረገው የዛፍን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዛፉ የመንግሥት ነው፣ ተራራውም የተከለለው በትእዛዝ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው፣ የዚያ ደን አጥር የተነቀነቀው በአጥሩ ውስጥ ባለቤት ስላልነበረ ነው።

በወላይታ በሑምቦ የሆነው ግን የተለየ ነው። በማራዲ የተጀመረው የጉቶ አጠባበቅ ዘዴ በዚሁ በሪናውዶ ምክር ወደዚያ መጥቶ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በ2,728 ሄክታር ተራራ ላይ ተሞከረ። በመጀመሪያ ሕዝቡ መሬታችን ይወሰድብናል ብሎ ሠግቶ ነበር፤ ስለዚህ ሰባት የደን ማኅበሮች ተቋቁመው ተራራውን የመጠበቅና በፍሬው የመጠቀም መብታቸው በሕግ ተጻፈላቸው። ደኑ የተመለሰው አብዛኛው ከቆየው ጉቶና ሥር እንጂ ከችግኝ አይደለም። ሥራው በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም በዓለም አቀፍ መዝገብ ስለ ተመዘገበ፣ ደኑ የሚሰበስበው የካርቦን ጋዝ ልክ እየተመረመረ ለማኅበሮቹ ገንዘብ ተከፈላቸው። ሕዝቡም ከተራራው ሣር እያጨደ ለከብቱ ያበላል፤ የደረቀውንም እንጨት ይለቅማል። እዚህ ሦስቱም ባለቤቶች ተገኙ፤ ማኅበሩ የሥራው፣ አባሉ የጥቅሙ፣ ከውጭ የመጣው መርማሪ የቍጥሩ።

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ በር አልዘጋም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበርና የማኅበረሰብ ደን እንዳለ ይቀበላል። በገጠርም መሬቱ በስሙ ተመዝግቦ የይዞታ ደብተር የተሰጠው ገበሬ እርከን በመሥራትና የሠራውንም በመጠበቅ ይበልጥ እንደሚተጋ በአማራ አገር የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። እንግዲህ የጐደለው ሕግ አይደለም፤ ሕጉን በየተራራው የሚተረጕመው ሰው ነው።

ደግሞ ስለ ቍጥር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት ገለጸ። ሕዝብን ለአንድ መልካም ሥራ በአንድ ቀን ማስነሣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን የተተከለው ቍጥር የሐምሌ ወሬ ነው፤ የጸደቀው ቍጥር ግን የሦስተኛው ዓመት እውነት ነው። ከላይ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ተከላችሁ?» የሚል ብቻ ሲሆን፣ ወረዳውም ብዙ ቍጥር ለማቅረብ ይሽቀዳደማል፤ ችግኙ ለምድሩ ይስማማ እንደ ሆነ፣ በጥቅምት ማን እንደሚጠብቀው፣ በመጋቢት ማን ውኃ እንደሚያጠጣው የሚጠይቅ አይገኝም። እንዲህ ያለው ውድድር ሹሙን ከሐሰት ጋራ ያለማምደዋል፤ ገበሬውንም ከሥራው ያርቀዋል። በሁለተኛው ዓመት በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ሲተክል፣ የደከመው ለዛፍ ሳይሆን ለመዝገብ እንደ ሆነ ያውቃልና።

ሹምና ባለመሬት ሊያደርጉት የሚገባ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ አንድ የወረዳ ሹም አዲስ ገንዘብና አዲስ ሕግ ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችል ብዙ ነገር አለ።

1ኛ፤ ከመትከል በፊት ማየት። በተራራው ላይ ሕያው ጉቶና ሥር ያለ እንደ ሆነ አስቀድሞ እርሱን መጠበቅ ከችግኝ ይልቅ ይረክሳል፤ ደግሞም ይጸናል። ችግኝ የሚያስፈልገው ይህ በጠፋበት ስፍራ ነው።

2ኛ፤ ከመቈፈር በፊት መዋዋል። ሣሩን ማን ያጭዳል፣ ማሩን ማን ይቈርጣል፣ የተገረዘው እንጨት ለማን ነው፣ ዛፉ ሲያድግ ሽያጩ እንዴት ይከፈላል የሚለው ሁሉ የመንደሩ ሽማግሌዎች ባሉበት ይጻፍ። ተራራው ሲከለል ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ድሃ ምን እንደሚያደርግም በዚያው ጽሑፍ ይመለስ። ሰፊ መሬት በእጁ ያለ ሰውም በመሬቱ ላይ ከሚሠሩት ጋራ ይህንኑ ያድርግ፤ ድርሻ የሌለው ሠራተኛ ዛፍ አይጠብቅምና።

3ኛ፤ የእያንዳንዱን ስፍራ ተጠያቂ በስሙ መጻፍ፤ ለጠባቂና ለጥገና የሚሆነውንም ገንዘብ ከተከላው ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ። እርከን የሚፈርሰው በአንድ ክረምት ነው፤ የሚጠገነው ግን በየዓመቱ ነው።

4ኛ፤ መቍጠርን ከሦስተኛው ክረምት በኋላ ማድረግ፤ ቈጣሪውንም ከሌላ ወረዳ ማምጣት። የደረቀውን በእውነት የተናገረ ሹም አይቀጣ፤ ምክንያቱን መርምሮ የሚመጣውን ዓመት ያቃና ዘንድ ይታገዝ። የሚቀጣው የደረቀውን ለምለም ብሎ የጻፈው ነው።

ለባለአገሩ መብት ቢሰጠው ደኑን ፈጽሞ ይጨርሰዋል የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ሥርዐትና ጠባቂ በሌለበት መብት ብቻውን ደን አያድንም። ስለዚህም በሑምቦ መብቱ የተሰጠው ከመተዳደሪያ ደንብ ጋራ ነው፤ በኮስታ ሪካም ክፍያው የተሰጠው ከምርመራ ጋራ ነው። ነገር ግን ክልከላና ቅጣት ብቻ የተሞከረባቸው ዓመታት በኒጀር ያፈሩት ፍሬ የታወቀ ነው፤ ዛፉም አልቆ፣ ገበሬውም ደኽይቶ፣ የደን ጠባቂውም ተጠልቶ ቀረ።

ስለ ሹመት የሚነገር «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል የቆየ ተረት አለ። ተረቱ ለአገር የማይበጅ ቢሆንም ቍጭት መኖሩን የተናገረው እውነት ነው። በዚህ ዘመን የሚሾም ሰው በሥልጣኑ ሳለ ዝናሙን ማዘዝ አይችልም፤ በሩቅ አገር የሚወጣውንም ጢስ መከልከል አይችልም። ነገር ግን በወረዳው ያለው አንድ ተራራ የማን እንደ ሆነ መጻፍ፣ የሚጠብቀውን ሰው በስሙ ማወቅና በሦስተኛው ዓመት የቀረውን በእውነት ማስቈጠር ይችላል። ይህን ሳያደርግ የተሻረ ሰው ቢቆጨው ተገቢ ነው፤ ይህን ያደረገ ግን፣ እርሱ ከሄደ በኋላ እርከኑን የሚጠግነው ባለቤቱ ስለሚሆን፣ ሥራው ከሹመቱ ዘመን ይበልጥ ይቆያል።